ከመድኃኒቱ በኋላ ያለው መንገድ
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአእምሮ ሕመም ጋር ያደግን አባላት ያቀረብነው ንግግር



ይህን ንግግር የምታነበው አንዲት ሴት ብትሆንም የተዘጋጀው በጋራ ነው። በማኅበራችን ውስጥ ከአእምሮ ሕመም ጋር ያደግን፣ ሕክምና ላይ ያለንና ሠርተን ለመኖር የምንጥር አባላት ተገናኝተን የምንለውን ተነጋገርን። መጻፍ የማትችለው ተናገረች፤ የምትችለው ጻፈች። ስማችንን አላወጣንም። ከመካከላችን ስሟ ቢወጣ በልጆቿ ላይ ነገር የሚመጣባት አለችና፣ የአንዷን ደብቀን የሌላዋን ከምንናገር ሁላችንም «እኛ» ብለን መናገሩን መረጥን።

የምንለው ነገር አጭር ነው። መድኃኒት ሕመሙን ያስታግሳል፤ ይህን በራሳችን አይተናል፤ ማንም ሊያስክደን አይችልም። ራስን መቻል ግን ከክኒን አይገኝም። ሰው ራሱን የሚችለው ሥራ ሲሰጠው፣ ገንዘብ ሲይዝ፣ ቁልፍ ሲረከብ፣ ሲወድቅም ቦታው ሲጠበቅለት ነው። ማኅበራችን እስካሁን የመጀመሪያውን በደንብ ረድቶናል። ዛሬ የመጣነው ስለ ሁለተኛው ልንነግራችሁና ልንጠይቃችሁ ነው።

ከልጅነት እንጀምር። ሕመሙ በአንድ ቀን አልመጣም። ለአንዳንዶቻችን እንቅልፍ በማጣት ጀመረ፤ ለሌሎቻችን ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ በመስማት። ከሰው የሸሸች፣ ምግብ የተወች፣ ያለ ምክንያት ስታለቅስ የዋለች አለች። ሌሊቱን ሙሉ እየዘፈነች ቤት ስትጠርግ ያደረችም አለች። ዕድሜያችን አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት፣ ቢበዛ ሃያ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ስትለወጥ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚለው «ጸባይዋ ተበላሸ» ነው። ቀጥሎ «ፍቅር ይዟት ነው» ይባላል። ከዚያም «ዐይን በልቷት ነው»፣ «ለክፏት ነው»፣ «ዛር ነው» ይመጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ «ሰነፈች» ትባላለች። «ይህ ሕመም ነው» የሚል ሰው የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ለአንዳንዶቻችን ዓመታት ካለፉ በኋላ።

በእነዚያ ዓመታት የኖርነው በጓዳ ነው። ለመስቀል ከአዲስ አበባም ከየአገሩም ወገን ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ክትፎው ሲሰናዳ፣ ደመራው ሲለኮስ፣ እኛ ከውስጥ ሆነን ድምፁን እንሰማ ነበር። ሙስሊም እህቶቻችንም ለአረፋ እንዲሁ። ዘመድ «ልጅቷስ?» ብሎ ሲጠይቅ «አክስቷ ጋ ሄዳለች» ይባላል። ቤተሰቦቻችን ይህን ያደረጉት ስለጠሉን አይደለም። የአንዷ ስም በዚህ ሕመም ከተነሣ የእህቶቿ ጋብቻ ይሰናከላል ብለው ስለፈሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እነሱም ያውቁታል። ግን ፍርሃቱ ከተረቱ በለጠባቸው።

ይህ ጓዳ በቁጥርም ላይ ጥላውን የጣለ ይመስለናል። ቡታጅራ በአእምሮ ጤና ጥናት በውጭው ዓለም ሳይቀር ስሟ የሚነሣ ከተማ መሆኗን ከእኛ መካከል የምናውቅ ጥቂቶች ነን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 ገደማ በቡታጅራ ዙሪያ የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ያሉበት ቡድን ቤት ለቤት እየዞረ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቀ። ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ የሚሉት ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል ለሕመሙ የሚሆን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥር አንድ አይሞሉም ነበር። ሕመሙ ሴቶቹን የጀመራቸው በአማካይ በ21 ዓመታቸው ነው፤ ወንዶቹን ወደ 24 ሲጠጉ።

በዚያ ጥናት የተገኙት ወንዶች ከሴቶቹ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። በሌላው ዓለም ልዩነቱ እንዲህ አይሰፋም። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ትዝ ያለን ጓዳው ነው። ወንድ ልጅ ሲታመም ወደ ገበያ ወጥቶ ይታያል፤ ሴት ልጅ ስትታመም በሩ ይዘጋባታል። ቆጣሪ መጥቶ «ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?» ሲል «የለም» የተባለበት ቤት አይጠፋም ብለን እናስባለን። ያልተቆጠረች ሴት ደግሞ አትታከምም።

ወደ ሕክምና የደረስነው በተለያየ መንገድ ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሄድነው ጸበል ነው፤ ሌሎቻችን ዱዓ ተደርጎልናል፤ በየጸሎት ቤቱም ተጸልዮልናል። ይህን የምናነሳው ለመንቀፍ አይደለም። እምነታችን በከፋው ጊዜ ያቆመን ነው። ብዙዎቻችን ዛሬም ጸሎቱንም ክኒኑንም አብረን ይዘናል። «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ» ያላሉን፣ ይልቁንም «መድኃኒትሽን ዋጪ፣ እኛም እንጸልያለን» ያሉን የሃይማኖት አባቶችና ሼሆች ውለታቸው ትልቅ ነው።

የቀደሙት እናቶቻችን ዘመን ይከብድ ነበር። በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከወልቂጤ በጅማው መንገድ፣ ከቡታጅራ በሆሳዕናው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ይኬዳል። የታመመች ልጅ ብቻዋን አትሄድም፤ ሁለት ሰው ይዟት ይሄዳል። የሦስት ሰው መሳፈሪያ፣ የሦስት ሰው ማደሪያ፣ የሦስት ሰው ምግብ ነው። ከብት ሸጦ አንድ ጊዜ መሄድ ይቻላል። በየወሩ ለመሄድ ግን የትኛው ከብት ይበቃል?

ኋላ ላይ ከዚያው ጥናት ጋር ተያይዞ በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች የሚሠሩበት የተመላላሽ ክሊኒክ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ፕራይም በተባለ ፕሮግራም ደግሞ በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ይህን ሕክምና በየአካባቢው መስጠት ጀመሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ሌሎች የአካባቢው ሰዎች የታመሙትን ከየቤቱ እየለዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩ ነበር። እዚያ ታክመው ክትትል ከተደረገላቸው ከባድ ሕመምተኞች መካከል፣ ሕክምናው ሲጀመር ባለፈው ዓመት ውስጥ ታስረው የነበሩት ከአራት አንድ ገደማ ናቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ቁጥራቸው ወደ ከአሥር አንድ ወረደ። በገመድ ወይም በሰንሰለት ስለታሰሩ ሰዎች ነው የምንናገረው። ያሰራቸውም አብዛኛውን ጊዜ የሚወዳቸው ሰው ነው፤ ሌላ መላ ስላጣ። ጤና ጣቢያው ሲቀርብ መላ ተገኘ፤ ገመዱም ተፈታ። ሕክምና ከቤት አጠገብ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ለሚጠይቀን መልሳችን ይህ ነው።

ስለ መድኃኒቱም እውነቱን እንናገር፤ እንደ እኛ ያለች ልጅ ያላት እናት እዚህ ተቀምጣ ይሆናልና። መድኃኒቱ ይሠራል። ድምፁ ይርቃል፣ እንቅልፍ ይመጣል፣ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ግን ዋጋ አለው። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ያከብዳል፣ ምራቅ ያዝረበርባል። አንዳንዱ አንድ ቦታ መቀመጥ ይከለክላል። ከመካከላችን የወር አበባዋ የቀረባትና አርግዤ ይሆናል ብላ የተጨነቀች አለች። ይህ የሕመሙ መባባስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ለነርሷ ሲነገራት መጠኑን ታስተካክላለች፣ ወይም ሌላ እንዲታዘዝ ታደርጋለች። የማይነገራት ነርስ ልትረዳ አትችልም። ስለዚህ እናቶቻችን፣ ልጃችሁ «ይህ ክኒን አልተስማማኝም» ስትላችሁ «ዝም ብለሽ ዋጪ» አትበሏት። ይዛችኋት ሂዱና ትናገር።

ከሁሉ የከበደን ግን ረኃቡ ነው። መድኃኒቱ ምግብ ያስመኛል። በቡታጅራ አካባቢ ሕሙማን፣ አስታማሚዎችና የጤና ባለሙያዎች ለምን መድኃኒት እንደሚቋረጥ ተጠይቀው ከሰጡት ምክንያት አንዱ ይኸው ነበር፤ መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን ረኃብ የሚያስታግስ ምግብ በቤት አለመኖሩ። ይህን እኛ ያለ ጥናትም እናውቀዋለን። ክኒኑን ከዋጥሽ በኋላ ሌሊት አንጀትሽ ይጮኻል፤ መሶቡ ውስጥ ያለው ግን ለልጆቹ ቁርስ የተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ ክኒኑን መተው አለማወቅ አይደለም፤ የእናት ስሌት ነው። «መድኃኒቷን አቋረጠች» ተብሎ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ስለ መሶቡ የሚጽፍ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ ስላለው ጊዜ ብዙ ሰው አይናገርም። ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ዳነች» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንቺ ግን ጠዋት ተነሥተሽ የምትሠሪው የለሽም። ቢላ አይሰጡሽም። እሳት አጠገብ አያደርሱሽም። ገበያ ብቻሽን አይልኩሽም። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን የምታፈላው ታናሽሽ ናት። ገንዘብ በእጅሽ አይገባም። «አትድከሚ፣ አንቺ ዕረፊ» ይሉሻል። ቃሉ ደግ ነው። ዓመት ሲሞላው ግን ዕረፍቱም ሌላ ጓዳ ይሆናል።

በልጅነት ለታመመች ሴት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። በአርባ ዓመቱ የታመመ ሰው ሲሻለው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሱቅ ነበረው፣ እርሻ ነበረው፣ ሙያ ነበረው። እኛ ግን የምንመለስበት አልነበረንም። እኩዮቻችን እንሰት መፋቅን፣ ወጥ መሥራትን፣ ገበያ ላይ መከራከርን፣ ትርፍና ኪሳራ መቁጠርን፣ ከሰው ጋር ተጣልቶ መታረቅን በተማሩባቸው ዓመታት እኛ ታመን ተኝተን ነበር። በሃያ አምስት ዓመታችን ስንሻል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የምታውቀውን ያህል እናውቃለን። ሰው «ሕመሙ አእምሮዋን ወሰደው» ይላል። ሕመሙ የወሰደው የመማሪያ ጊዜያችንን ነው። ይህ ደግሞ ይተካል። የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ተሞክሮ ብቻ አይደለም። ራይዝ የተባለ ጥናት እዚሁ በሶዶ አካባቢ በ48 ቀበሌዎች ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በጤና ተቋም የሚሰጠውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ሌሎቹ ያንኑ ሕክምና እያገኙ፣ ለአምስት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ረዷቸው። ሠልጣኞቹ ሐኪሞች አልነበሩም። ሥራቸው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ መነጋገር፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ንጽሕናዋን እንድትጠብቅ፣ ወደ ቤት ሥራ፣ ቀጥሎም ወደ እርሻና ገበያ ደረጃ በደረጃ እንድትመለስ ማገዝ፣ ሰፈሩንም ማስረዳት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የቤት ለቤት ድጋፉን ያገኙት ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ዕለታዊ ኑሯቸውን በተሻለ ማከናወን ችለው ተገኙ። ሁለቱም መድኃኒት ነበራቸው። ልዩነቱ የመጣው አጠገባቸው ተቀምጦ ሥራ በሰጣቸው ሰው ነው።

በማኅበራችንም ይህንኑ አይተናል። አንዷን እህታችንን በእሷ ፈቃድ ምሳሌ እናድርጋት። ቡታጅራ ነው የምትኖረው። ማኅበሩ ስትገባ ከሰው ፊት ቀና ብላ አታይም ነበር። በርበሬ የሚያዘጋጁ አባላት አጠገባቸው አስቀመጧትና የምትቀነጥሰው በርበሬ ሰጧት። በርበሬ መቀንጠስ ደግ ሥራ ነው፤ እጅ ይሠራል፣ ዐይን ከዐይን ጋር መጋጠም የለበትም፣ መናገር የፈለገች ትናገራለች፣ ያልፈለገች ትሰማለች። ከወራት በኋላ ከሌላ ሴት ጋር ወፍጮ ቤት ተላከች። ቆየት ብሎ ብቻዋን ሄደች። ከዚያ የሽያጩን ገንዘብ እንድትቆጥር ሰጧት። መጀመሪያ ሁለት ሰዎች እንደገና ይቆጥሩት ነበር፤ ኋላ አንድ ሰው፤ ኋላ ማንም። በሦስተኛው ዓመት የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ተራ ሲደርሳት «ይለፋት» ያለ ሰው አልነበረም። ቁልፉን ተረከበች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለለጋሾቻችን ደስ የሚል ሪፖርት ይሆን ነበር። አላበቃም። በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒቱ ለሳምንታት ጠፋ፤ በየፋርማሲው ስትፈልግ ቆየች፤ ሕመሙ ተመለሰባት። ሁለት ወር ያህል ከሥራ ቀረች። በርበሬ አጋሮቿ ገበያ ላይ ያለውን መደቧን ለሌላ አልሰጡባትም። ድርሻዋን ሸጠው ትርፉን በስሟ አስቀመጡላት። ስትሻል ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ሥራዋን ያዘች። ከዚያ በፊት በታመመችባቸው ጊዜያት ግን ለመነሣት ዓመት ይፈጅባት ነበር፤ በተነሣች ቁጥር ሁሉን ከዜሮ ትጀምር ነበርና።

እኛ ራስን መቻል የምንለው ይህን ነው። ዳግመኛ አለመታመን አይደለም፤ ያን ማንም ቃል ሊገባልን አይችልም። ብቻን መቆምም አይደለም። በእኛ አገር ብቻውን የሚቆም ማን አለ? እንሰት ሲፋቅ ሴቶች በተራ ይረዳዳሉ፤ ሞት ሲመጣ እድር አለ፤ ገንዘብ ሲቸግር እቁብ አለ። ጤነኛው ሰው እንዲህ ተደጋግፎ እየኖረ «ራሱን የቻለ» ይባላል። እኛም በዚያው ሚዛን እንመዘን ነው የምንለው። ተራችንን ስጡን፤ ስንወድቅ ቦታችንን ጠብቁልን፤ ስንነሣ መልሱልን።

ነገሩ ለምን እንደሚያጣድፈን ደግሞ እንናገር። እናቶቻችን እያረጁ ነው። መድኃኒት የሚያመጡልን፣ የሚመግቡን፣ ሌሊት የሚጠብቁን እነሱ ናቸው። አብዛኞቹ በአንድ ጥያቄ እንቅልፍ ያጣሉ፤ «ከእኔ በኋላ ማን ያያታል?» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከ900 በላይ ሰዎች ለአሥር ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት መሠረት ከሌላው ሰው በአማካይ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞቱ ነበር። ከሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። የአእምሮ ሕመም ራሱ በቀጥታ ገድሏቸው አይደለም። ሌላው ሰው ታክሞ በሚድንበት በሽታ፣ የሚያሳክማቸው ወይም የሚሰማቸው አጥተው ሞቱ። አንዲት የአእምሮ ሕመምተኛ «አስላኝ፣ አተኮሰኝ» ስትል «ያው የተለመደው ነው» የሚላት ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የእናቶቻችንን ጥያቄ የምንመልሰው እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ነው። እነሱ ካለፉ በኋላ ለመማር ጊዜው ያልፋል።

ጥያቄዎቻችን አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ለዚህ ጉባኤ ነው። የመተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከስብሰባ የቀረችና ቁጠባዋን ያልከፈለች አባል ከማኅበሩ ትሰናበታለች ይላል። ደንቡ ለሥርዓት የወጣ ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን የወለደች አባል ይቅርታ እንደሚደረግላት ሁሉ፣ በአእምሮ ሕመም የተኛች አባልም ቦታዋ ለስድስት ወር እንዲጠበቅላት ይጻፍልን። ገንዘብ አትጨምሩልን። ስማችንን ብቻ ከመዝገቡ አትሰርዙ።

ሁለተኛው ስለ ቁጠባ ደብተር ነው። ከእኛ መካከል የብዙዎቻችን ደብተር በወንድም፣ በአጎት ወይም በባል እጅ ነው። በክፉ ቀን የያዙልን አሉ፤ እናመሰግናቸዋለን። ከተሻለን በኋላ ግን ደብተሩ በስማችን ወጥቶ በእጃችን ይግባ። የሚያሰጋ ካለ፣ በደኅናችን ቀን እኛው ራሳችን ወረቀት እንጻፍ። ሕመሙ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚታይብን፣ ማን እንዲጠራልን እንደምንፈልግ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማን፣ ልጆቻችንን ማን እንደሚይዝ፣ ሱቁን ማን እንደሚከፍት፣ ገንዘባችንን እስክንሻል ማን እንደሚጠብቅ በዚያ ይጻፍ። ወረቀቱ አንዱ በማኅበሩ ቢሮ፣ አንዱ በቤት፣ አንዱ እኛ በመረጥናት እህት እጅ ይቀመጥ። ያን ጊዜ በታመምንበት ቀን የሚወስንልን ሰው የእኛኑ ቃል ይፈጽማል እንጂ የራሱን አይተካም።

ሦስተኛው ለቤተሰቦች ነው። በዚህ ሳምንት ለልጃችሁ አንድ ሥራ ስጧት፤ ነገ ደግሞ ሌላ። ቡናውን ታፍላ። ሽንኩርቱን ትክተፍ። ለጨው ትላክ፣ መልሱንም ራሷ ትቁጠረው። ብታጎድል አታስቀሯት፤ አብራችኋት ቁጠሩ። ሥራ የሚቀጥር ሰው በመካከላችን ካለም ይህን ይወቅ፤ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። በሕመማችን ብቻ ሥራ መከልከል በሕግም የተነቀፈ ነው።

አራተኛው ለለጋሾቻችን ነው። እስካሁን የሰጣችሁን በእጃችን አለ፤ ወፍጮ ቤት የሄደው፣ ለመድኃኒት የዋለው፣ ለሥልጠና የወጣው ሁሉ። ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ከሚመጣው ገንዘብ ትንሹ ክፍል መድኃኒት ከጤና ተቋም ሲጠፋ ከውጭ ለመግዣና መድኃኒት ለሚወስዱ አባላት እህል ለመግዣ ይመደብ። ለአንዲት ሴት የአንድ ወር መድኃኒትና እህል ከሁለት ወር ሕመም በእጅጉ ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ዕቅዳችሁን አስረዝሙልን። የአንድ ዓመት ፕሮጀክት በአንድ ዓመት ውስጥ «ራሳቸውን የቻሉ ሴቶች» ቁጥር ይጠይቃል። በአንድ ዓመት ውስጥ በርበሬ መቀንጠስ ይቻላል። ቁልፉ ግን የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። ሪፖርት ስትጠይቁንም ስንቶቹ ዳግመኛ አልታመሙም ብላችሁ አትጠይቁን፤ ታመው ስንቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ ብላችሁ ጠይቁን። እውነተኛውን ቁጥር እንነግራችኋለን።

እህቶቻችን፣ እኛ የቃቄ ውርድወት አገር ሴቶች ነን። እሷ የሴቶችን ጉዳይ ይዛ በወንዶች ሸንጎ ፊት እንደቆመች አያቶቻችን ሲነግሩን አድገናል። እኛ ደግሞ ዛሬ የቆምነው በራሳችን እናቶችና እህቶች ፊት ነው፤ ይህ ከእሷ ይቀላል። በአዲስ አበባ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው የመሠረቱት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ። እዚያ ያሉት ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። እኛም በወልቂጤና በቡታጅራ ይህንኑ ጀምረናል። ዛሬ በጓዳ ያለች ልጅ ይህን ጋዜጣ ባታነበውም፣ እናቷ ወይም ጎረቤቷ ታነበዋለችና፣ አንድ ቃል እንላክላት። ሕመምሽ ስም አለው፤ መድኃኒትም አለው። ከመድኃኒቱ በኋላ ደግሞ ተራ የሚሰጡሽ ሴቶች አሉ። በርበሬው አጠገብ ቦታ አለሽ።

የደንቡ ማሻሻያ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው አጀንዳ ላይ አራተኛ ነጥብ ሆኖ ተመዝግቧል። ድምፅ ሲሰጥ እንድታስቡልን እንለምናለን።